የአንኮበር መጥረቢያ

አናጢው አቶ ተክለሃይማኖት በሥራ ቤታቸው ውስጥ ሰጋቱራ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ዕለቱ ማክሰኞ፣ ጥር 4 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ሰፈሩ ኮልፌ ነው። ሬሳውን መጀመሪያ ያዩት ጎረቤታቸው ጠላ ሻጯ ወይዘሮ እሙ ሲሆኑ፣ ሻምበል አምሐ ከጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ገዳዩንም አግኝተው፣ ፈርደውበት፣ የቀራቸው ገመዱ ብቻ ነበር።

“ቀጥቃጩ ነው!” አሉት ገና ከላንድሮቨሩ ሳይወርድ። “ዱባለ! ትናንት ጠዋት ሲጨቃጨቁ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌሊቱን ደግሞ ጅብ ሲያላዝን አደረ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?”

“ጅቡ ስሙን ተናገረ?”

“እርስዎ ይቀልዳሉ!”

“እኔ አልጀመርኩትም፣ እማማ።”

ከኋላቸው አርባ የሚሆን ሰው ቆሟል። አንዱም ያየው ነገር የለም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። ሻምበል አምሐ በአሥራ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ እንዲህ ያለውን ሰው ጠግቦታል፤ ምንም ያላየ ምስክር ከሁሉ በላይ ይጮሃል። ሰዎች ስለ ሻምበሉ ሲያወሩ ሰው ይንቃል ይላሉ። አልተሳሳቱም።

በሩን ገፍቶ ገባ። ሟቹ የስድሳ ዓመት ሰው ነበሩ። ሙያቸውን በጣልያን ጊዜ ከጣልያን አናጢዎች ጋር ሲሠሩ ቀስመው፣ ከዚያ ወዲህ የኮልፌን ግማሽ በርና መስኮት የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ማጅራታቸው ላይ ያለው ቁስል ክብ ነው፤ ስሙኒ ያህላል። ከአጠገባቸው ደም የተቀባ ዶማ ወድቋል።

ሻምበሉን ተከትሎ የገባው ሃምሳ አለቃ ነገሬ እጀታውን በመሐረብ ይዞ ብድግ ሲያደርገው ብረቱ ሾልኮ ጫማው ላይ ወደቀበት።

“ወይኔ ጣቴን! ይኼ ነገር እንኳን ሰው ጓል አይሰብርም!”

ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ እጀታውን አገላበጠው። ወፍራሙ ጫፍ በመያዣው በኩል ነው። ብረቱ የነበረበት ቀጭኑ ጫፍ አናት ላይ ደግሞ ከሳጥን እንጨት የተቆረጠች ሽብልቅ ተቀርቅራለች። ከንፈሩን አጣሞ በማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፈና ወደ ግድግዳው ዞረ። መጋዞች፣ መሮዎች፣ እንጨት መላጊያ ፒያላዎችና መሰርሰሪያዎች በየሚስማራቸው ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ላይ ሰጋቱራ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። አንድ መዶሻ ብቻ እንደ ሙሽራ ታጥቦ ያበራል።

“ነገሬ፣ ያንን መዶሻ አንሣው። ሐኪሙ ከቁስሉ ጋር ያስተያየው።”

“ዶማውስ?”

“ዶማው እንድናየው የተቀመጠ ነው። አየነው።”

የዱባለ ቤት ከዚያ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ኮልፌ ማጭዱንና ቢላዋውን ከዱባለ እጅ ይቀበላል፤ ልጁን ግን ዱባለ እንዳያይበት በነጠላ ይሸፍነዋል። ቀጥቃጩ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ እጆቹን ያይ ነበር። ሚስቱ ሰርኬ በርጩማ ጠርጋ ለሻምበሉ አቀረበች። እሱ ቆሞ ቀረ። የቆምኩት ቸኩዬ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። ሰርኬ ግን በርጩማውን መልሳ አነሣችው፤ ሌላውን ምክንያት እንዳወቀች ፊቷ ይናገር ነበር።

“ትናንት አመሻሽ፣ ተክለሃይማኖት ሥራ በሚዘጉበት ሰዓት፣ የት ነበርክ?”

“እዚሁ።”

“ማን አየህ?”

“ሰው እኛን ላለማየት ፊቱን ያዞራል፣ ጌታዬ። ማን አይቶኝ ይመስክርልኝ?”

ሻምበሉ የዶማውን ብረት አሳየው። ዱባለ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

“ብረቱ የኔ ነው። ይቺን ጭረት ያይዋል? መዶሻዬ አፏ ተሸርፏል፤ በምትመታው ሁሉ ላይ እንደ ጥፍር ያለች ምልክት ትተዋለች። እጀታውን ግን አላውቀውም። እኔ ብረቱን ብቻ ነው የምሸጠው፤ እጀታ የሚያገቡለት ተክልዬ ነበሩ።”

“በምን ተጣላችሁ?”

ቀጥቃጩ ወደ ሚስቱ አየ። “በከሰል ነው።”

“በከሰል።”

“አዎ።”

ውሸት ነበር፤ ያውም ያልለመደ ሰው ውሸት። ሻምበሉ አላፋጠጠውም። ከሟቹ ቤት ይዞት የመጣውን የእጀታ እንጨትና ከዱባለ ጓዳ ያነሣውን ሌላ ዶማ ሰጠው።

“ግጠመው።”

ዱባለ ‘ጤና የለውም እንዴ’ በሚል ዓይን አየው። ከዚያ እንጨቱን ከላይ በኩል አሾለከና ጫፉን መሬት ላይ ሁለቴ መታው። አለቀ።

“ጥሩ። አሁን ተነሥ፣ ጣቢያ እንሂድ።”

ደጅ ላይ ድንጋይ የያዙ እጆች ይጠብቁ ነበር። “ቤቱንም አቃጥሉት!” የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

“ማን ነው ያለው?” አለ ሻምበሉ እስክሪብቶውን አውጥቶ። “ወደ ፊት ይምጣና ስሙን ልጻፍለት። ጀግና ሰው ስሙ ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።”

ማንም አልመጣም። ሰርኬን ከቤቷ ጋር የሚጠብቅ አንድ ፖሊስ አቆመና ሄደ።

ቀትር ላይ የሻምበሉ አለቃ፣ ሻለቃው፣ ስልክ ደወሉ።

“ቀጥቃጩን ይዘኸዋል አሉ።”

“ይዤዋለሁ። የገደለ ግን አይመስለኝም።”

“የሰፈሩ ሰው በሙሉ እሱ ነው ይል የለም እንዴ? ነገ በአራት ሰዓት መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።”

“አንድ ሁለት ቀን ቢሰጡኝ…”

“ለቀጥቃጭ? ነገ በአራት ሰዓት አልኩህ።”

ስልኩ ተዘጋ። መዝገቡ በዱባለ ስም ከሄደ መጨረሻው የት እንደሆነ ሻምበል አምሐ ያውቀዋል። ጠበቃ የሌለው፣ ሰፈር ያደመበት ሰው ወደ ስቅላት የሚሄድበት መንገድ ቁልቁለት ነው።

ሰርኬ ለባሏ ምሳ ይዛ መጣች። ሳህኑን ለዘበኛው ሰጥታ በቀጥታ ወደ ሻምበሉ ክፍል ገባች።

“ጠቡ የከሰል አይደለም። እሱ ይፈራል፤ እኔ ግን መፍራት ሰለቸኝ። መርካቶ ጀይሉ የሚባል አሮጌ ብረት የሚሸጥ ሰው አለ። መጥረቢያ አሠርቶታል። እሱን ይጠይቁት።”

“ምን ዓይነት መጥረቢያ?”

“ያረጀ።”

“ያረጀ መጥረቢያ ይሠራል እንዴ?”

“ገዢ ካለው ምን የማይሠራ አለ፣ ጌታዬ?”

ጀይሉ በብረት ክምር መካከል እንደ ዳኛ ተሰይሟል። ፖሊሶቹን ሲያይ አልተነሣም።

“ግቡ፣ ግቡ! የእጅ ሰንሰለት ከሆነ የምትፈልጉት የእንግሊዝ አለኝ፤ አይዝግም።”

“ትናንት አመሻሽ የት ነበርክ?” አለው ሻምበሉ።

“ሰበታ፣ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ላይ። ሙሽራዋን ይጠይቁ። ሙሽራውን አይጠይቁ፤ እሱ መኖሩንም አያውቅ፣ ሰክሮ ነበር።”

ሃምሳ አለቃ ነገሬ ኋላ ሲያጣራ አሥራ አንድ ሰው መሰከረለት፤ አንዱ ቄስ ነበሩ።

“ዱባለ የሠራልህ መጥረቢያስ?”

ጀይሉ ሳቁን ለመዋጥ ሞከረና አቃተው። “አቶ ሀብተሥላሴን ያውቋቸዋል? ከሚኒስቴር በጡረታ የወጡት፣ ጦር ኃይሎች አጠገብ ቪላ ያላቸው። አሮጌ የእጅ መሣሪያ ይሰበስባሉ። አምስት ዓመት ደንበኛዬ ናቸው። እውነተኛ አሮጌ ዕቃ ሳመጣላቸው ‘ይህ ተራ ነው’ እያሉ በጫማቸው ጫፍ ይገፉታል። እኔም ተራ ያልሆነ አሠራሁላቸዋ! ዱባለ ቀጠቀጠው፤ እኔ ሦስት ወር ሙሉ አመድና የከብት ሽንት ውስጥ ቀበርኩት። ሲወጣ ከአያቴ በላይ አርጅቶ ነበር።”

“አመኑህ?”

“ምኑን? እኔ እኮ አፌን አልከፈትኩም። ‘ይህ የአንኮበር ሥራ ነው፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል’ ብለው ለኔው አስተማሩኝ። ያቺን የዱባለን ጭረት ደግሞ በአጉሊ መነጽር አይተው ‘የጥንት ቀጥቃጮች ማኅተም’ አሏት። ስለ እሷ አሥራ አራት ገጽ ጽፈዋል። ቅዳሜ በትልቅ አዳራሽ ሊያሳዩት ነው፤ ሚኒስትሮች ተጠርተዋል።”

“ተክለሃይማኖት ይህን ያውቁ ነበር?”

የጀይሉ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ከበደ። “አቶ ሀብተሥላሴ እጀታ እንዲያገቡለት እሑድ ላኩላቸው። ተክልዬ እኮ በእጃቸው ነው የሚያዩት፤ አንዴ ዳሰው አወቁት። ሰኞ ጠዋት ዱባለን ‘ሄደን እውነቱን እንንገራቸው፤ በሚኒስትር ፊት መሳቂያ ሊሆኑ ነው፣ ያሳዝናሉ’ አሉት። ዱባለ እታሰራለሁ ብሎ ፈራ። በዚህ ነው የተጯጯሁት።”

“አንተስ አልፈራህም?”

“ምን ያስፈራኛል? እሳቸው ቢቀሩ ሌላ ይመጣል። እንደሳቸው ያለ ሰው አዲስ አበባ ላይ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?”

ሻምበሉ ከክምሩ ላይ አንድ ዶማ አንሥቶ ከእጀታ እንጨቱ ጋር አቀበለው። “ግጠመው።”

“ፖሊስ ደግሞ መቆፈር ጀመረ?” አለ ጀይሉ። ዓይኑ ከሩቅ በሚመጣ ገዢ ላይ እንዳለ፣ እጁ ሥራውን ጨርሶ አስረከበው። ልክ እንደ ዱባለ።

የሐኪሙ ቃል ማታውኑ ደረሰ፤ የገደለው መዶሻው እንጂ ዶማው አይደለም። ረቡዕ በሁለት ሰዓት ሻምበል አምሐና ሃምሳ አለቃ ነገሬ የአቶ ሀብተሥላሴን ደወል ደወሉ። የከፈቱላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፅ የሌላቸው ሴት።

ሳሎኑ ሳሎን አይደለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የመስተዋት ሣጥን ነው፤ በየሣጥኑ መዶሻ፣ መሮ፣ ጉጠት፣ ሞረድ በቀይ ከፋይ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። እያንዳንዱ በታይፕ የተመታ ካርድ አለው፤ የተሠራበት አገር፣ ዓመት፣ የፋብሪካው ስም። ሦስት መቶ መሣሪያ፣ አንድም ላብ የሸተተው የለም።

“መስተዋቱን አትደገፍ” አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፣ ነጭ ጓንት እያወለቁ። “እሱ የጀርመን ፒያላ ነው። ካንተ ደሞዝ በላይ ነው።”

“ይቅርታ ጌታዬ። የመጣሁት የአናጢው ጉዳይ እውቀትዎን እንድለምን አስገድዶኝ ነው።”

“ተይዞ የለም እንዴ? ቀጥቃጩ?”

“ተይዟል። ይህ ሃምሳ አለቃ ግን አንድ ዶማ ነቅሎብኝ መግጠሙ ጠፋን። ስለ መሣሪያ በከተማው እንደርስዎ የሚያውቅ የለም ሲሉኝ…”

“አለማወቃችሁ ያስታውቃል። አንተ ከየት ነህ?”

“ከጎጃም። የገበሬ ልጅ ነኝ።”

“የገበሬ ልጅ ሆነህ!” አሉና ዶማውንና እንጨቱን ተቀበሉ። ቀጭኑን የእንጨት ጫፍ ከታች ወደ ላይ ሰኩት። ተንገዳገደ። ገፋ አደረጉት፤ አሁንም ተንገዳገደ። ዙሪያቸውን ቃኙ። “ሽብልቅ ይፈልጋል። አንድ ቁራጭ እንጨት አምጡ።”

ሃምሳ አለቃ ነገሬ አፉን በእጁ ያዘ። “ጌታዬ፣ በዶማ ቆፍረው ያውቃሉ?”

“እኔ? አብደሃል?”

“ዶማ ከላይ ነው የሚገባው፣ ጌታዬ” አለ ሻምበሉ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። “ወፍራሙ ጫፍ አናት ላይ ይቀራል፤ በተቆፈረበት ቁጥር ብረቱ ይጠብቃል እንጂ አይወልቅም። ሽብልቅ የመዶሻ ነው። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ቀጥቃጭ የለም፤ አናጢ የለም። የአሮጌ ብረት ነጋዴ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥመዋል። ከሬሳው አጠገብ የተገኘው ዶማ ግን ልክ እርስዎ አሁን እንዳደረጉት ነው የተገጠመው። በሽብልቅ። ገዳዩ በመዶሻ መትቶ፣ መዶሻውን አጥቦ ሰቀለ። ከዚያ የዱባለን ብረት አነሣና፣ ያለ እጀታ ማን ያምነኛል ብሎ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የእጅ ሥራ ሠራ።”

“በዚህ ነው ሰው የምትከሰው? እንጨት በመሰካት?”

“በዚህ ብቻ አይደለም። የአንኮበሩ መጥረቢያ የታለ?”

መካከለኛው ሣጥን ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል፤ እጀታ የለውም።

“ለእጀታ ወደ አናጢው ልከውት አልነበር?”

“አስመለስኩት።”

“መቼ?”

“እሑድ… ሰኞ ጠዋት።”

“በማን እጅ?”

አቶ ሀብተሥላሴ መልስ ፍለጋ ወደ ሚስታቸው አዩ። ሻምበሉ ደም የተቀባውን የዶማ ብረት ከኪሱ አውጥቶ መስተዋቱ ላይ፣ ከመጥረቢያው ትይዩ አጋደመው። ሁለቱም ላይ ያቺው የጥፍር ጭረት አለች።

“ማኅተምዎ ይህች ናት። ሰኞ አመሻሽ ተክለሃይማኖት ያሳዩዎትም እንዲህ አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ይመስለኛል። ሰኞ አመሻሽ የት ነበሩ?”

“ቤቴ! ባለቤቴን ጠይቅ።”

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከበሩ አጠገብ አልተንቀሳቀሱም።

“ሸሚዛቸውን አጠቡ” አሉ።

“ጥሩብርሃን!”

“አንድ ሰዓት ሲሆን በጓሮ በር ገቡ። ያንን መጥረቢያ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ባኞ ቤት ገብተው ሸሚዛቸውን በገዛ እጃቸው አጠቡ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን መሐረባቸውን እንኳ አጥበው አያውቁም።” ሴትየዋ ባላቸውን እንደ አንድ ካርድ የሌለው ዕቃ ተመለከቷቸው። “ያውም በፈላ ውኃ። ደም በፈላ ውኃ ይበልጥ እንደሚይዝ የማንም ቤት ሠራተኛ ታውቃለች። ሸሚዙ አለ፤ እኔ ጋ ነው።”

አቶ ሀብተሥላሴ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

“ቢስቅብኝ ኖሮ ባልነካሁት። አልሳቀም። ‘አይዞዎት፣ ለማንም አልናገርም፣ ቅዳሜ ብቻ አያሳዩት’ አለኝ። ትከሻዬን ነካኝ። ይገባሃል? እንጨት ጠራቢ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ለኔ አዘነልኝ!”

“ጀርባቸውን ሰጥተውዎት ነበር” አለ ሻምበሉ። “ማጅራታቸውን ነው የመቱት።”

“ሥራው ላይ ጎንበስ አለ። እንደ ጨረሰ ሰው። ከኔ ጋር እንደ ጨረሰ።”

ሃምሳ አለቃ ነገሬ ሰንሰለቱን አወጣ። ሽማግሌው እጃቸውን ሲዘረጉ ሻምበሉ መዳፋቸውን አየው። እንደ ሕፃን ሆድ ለስላሳ ነበር። በዚህ እጅ የተሠራ አንድ ነገር ቢኖር ያ ዶማ ብቻ ነው ብሎ አሰበና ፊቱን አዞረ።

መዝገቡ በአራት ሰዓት ሻለቃው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፤ ስሙ ግን ሌላ ነበር። ሻለቃው ወዲያው ደወሉ።

“እኚህን ሰውዬ…” አሉ ሻለቃው። “ሸሚዙ በእርግጥ አለ?”

“አለ።”

“እሺ። ቀጥቃጩን ግን በሌላ ነገር መያዝ አትችልም? መጥረቢያ አስረጅቷል።”

“ዱባለ የሸጠው መጥረቢያ ብሎ ነው፤ መጥረቢያም ነው። ዕድሜ የጨመሩለት የተማሩት ናቸው።”

ስልኩ ተዘጋ። ሻምበሉ ራሱ ወርዶ የእሥር ቤቱን በር አስከፈተ። “አቶ ዱባለ፣ ይውጡ። ወደ ቤትዎ አደርስዎታለሁ።” ሃምሳ አለቃ ነገሬ ሌላ ዱባለ የመጣ መስሎት ዘወር ብሎ አየ።

ላንድሮቨሩ ኮልፌ ሲደርስ ያው ሕዝብ ደጅ ላይ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ከእጁ ጠፍቷል። ሰርኬ በሩ ላይ ቆማለች። ወይዘሮ እሙ ሁለት ቢላዋ በነጠላቸው ጠቅልለው ከሁሉ ቀድመው ተጠጉ።

“ተፈታህ? ተመስገን! እኔ ድሮም አንተ አትመስለኝም ነበር። በል እንግዲህ ጥምቀት ደርሷል፤ በጌ ታስራለች። እነዚህን ሞርድልኝ፣ ደንዘዋል።”

ዱባለ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ሰርኬ ክንዱን ይዛ ወደ ታች መለሰችው።

“በምላስዎ ይሞርዱት፣ እማማ” አለች። “ከባሌ ሞረድ ይልቅ እሱ ይስላል።”

ባሏን አስገብታ በሩን ዘጋች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ማንም ለማንኳኳት የደፈረ የለም።

የዚያን ዓመት ጥምቀት ኮልፌ በጉን በደነዘ ቢላዋ አረደ።